ሱሉልታ ሳንደርስ

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት ስኳሬን ልመዘግብበት ነበር። ሐኪሙ «በየጠዋቱ እየለካሽ ቁጥሩን ጻፊ» ብሎኝ ነበር። መለኪያዋ ከተበላሸች ቆየች፤ ሌላም አልገዛሁም። ደብተሩ ባዶውን ከሚቀር የሆዴን ልጻፍበት። ዛሬ ሆዴ ሞልቷል።

ከራቢአ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር መሄድ ከጀመርን ሁለት ዓመት አለፈን። ሐኪሙ «ተራመጂ» ሲለኝ፣ «ብቻዬን እንደ እብድ የት ልሂድ?» ብዬ ሳለቅስ «እኔ የት ሄጄ?» ያለችኝ እሷ ናት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ቡራዩ ገበያው ጫፍ ላይ የእሷና የባሏ የከድሩ ሱቅ አለ። መጀመሪያ እስከ ገፈርሳ ግድብ፣ ከዚያ ራቅ፣ ከዚያም ይበልጥ ራቅ አልን። አንድ ቀን ሱሉልታ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «አዲስ አበባን ለምን በእግራችን አንዞራትም?» ተባባልን። ባለ ሻይ ቤቷ ሰምታ ሳቀችብን፤ «ዞራችሁ በዚያኛው በኩል ከመጣችሁ ሻዩ በእኔ ነው» አለች። ከእሷ በር ተነስተን በለገጣፎ፣ በኮዬ ፈጬ እያልን በአሥራ አንድ ቅዳሜ ሰበታ ደረስን። የቀረን ምዕራቡ ነው፤ ከሰበታ መናገሻ፣ ከመናገሻ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ። ይህን ሦስት ቀን በተከታታይ እንወጣዋለን ብለናል።

በጥር መንገዱን አይተን ልንጀምር ነበር፤ ሱቁ ሥራ በዛበት። ከዚያ የእኔ ሁዳዴና የእሷ ረመዳን ተደራርበው መጡ። አሁን ፋሲካም አለፈ። ሌላው ሰው ጫማውን አጥቦ በሚሰቅልበት ጊዜ እኛ ልንነሳ ነው። ዝናቡ እስኪገባ ቢበዛ አምስት ሳምንት አለን።

ዛሬ ግን ሦስት ሆነን ወጣን። ራቢአ አንዲት ልጅ አስከትላ መጣች። ኑሃ ትባላለች። ለጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ አዲስ ተዛውራ የተመደበች ናት፤ የራቢአን ሰርቪስ ቤት ተከራይታለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የተራራ ቡትስ አድርጋለች። «ከእኛ ጋር ትሂድ» አለች ራቢአ፣ እኔን ሳትጠይቅ።

ልጅቱ እኔን «እርስዎ» ትላለች። ራቢአን «አንቺ»። ራቢአ በአራት ወር ትበልጠኛለች!

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ እየጠረጠርኩ ነው።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ስኳሬ መንገድ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ዓይኔ ብዥ ይላል። ለዚህ ብላ ራቢአ ሁለት ዓመት ሙሉ በኪሷ አንዲት አረንጓዴ የጨርቅ ከረጢት ይዛ ትወጣለች። ውስጧ ቴምር አለ። ስጭኝ ብያት አላውቅም። ፊቴን አይታ ሁለት ፍሬ መዳፌ ላይ ታስቀምጥና ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም፤ ሟች ባሌም ቢሆን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲያልበኝ መስኮት ከመክፈት አያልፍም ነበር።

ዛሬ ከረጢቷን አውጥታ ለኑሃ ሰጠቻት። እዚያው አጠገቤ!

«መጀመሪያ ወሬ ታቆማለች። ዱርሲቱ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ ከንፈሯ ይነጣል። ያኔ ሁለት ስጫት። እንቢ ትላለች፤ አትስሚያት።»

«ሁለት። እሺ» አለች ልጅቱ፣ ለፈተና እንደሚያጠና ተማሪ።

አባቴ መናገሻ ገበያ ላም ሲሸጥ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ለገዢው አመሏን፣ የምትራገጥበትን ጊዜ፣ የምትወደውን መኖ አንድ በአንድ ይነግረው ነበር።

«ኪስሽ ጠበበሽ እንዴ?» አልኳት ራቢአን። ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር። ጥፋቷን አውቃው ይሆናል።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ምሳ ላይ ኑሃ ሳህኗን ከፈተች፤ ጥብስ። ራቢአ እጇን ሰደደች። «ማሻአላህ፣ ሙያሽ!» እያለች በላች።

እኔና ራቢአ ሠላሳ ዓመት አብረን በልተናል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሽሮ። ሥጋ ግን አንድም ቀን ከአንድ ሳህን አልበላንም። እሷ የታረደላትን እኔ አልበላም፣ እኔ የታረደልኝን እሷ አትበላም፤ ተነጋግረንበትም አናውቅም። በነዚህ ሁለት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ይዛ ወጥታ አታውቅም። ሥጋ የማትወድ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ትወዳለች! አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው።

እኔ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። መንጋጋዬ እስኪዝል ቆረጠምኩ።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

መንገዱ ላይ ኬላዎች አሉ። በእግሩ መንደር ለመንደር የሚዞር ሰው ከየት መጣህ መባሉ አይቀርም፣ ስለዚህ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የከተማው አስተዳደር መዝገብ ቤት ሠራተኛ እኔ ነኝና ደብዳቤው የእኔ ድርሻ ነው። ዛሬ ተየብኩት። «ለሚመለከተው ሁሉ… ከዚህ በታች ስማቸው የተጠቀሰው ሦስት ግለሰቦች በእግር የሚጓዙ መሆኑን አውቃችሁ… ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ቀናት ብቻ የሚያገለግል መሆኑን እንገልጻለን።» ሦስተኛውን ስም ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ኃላፊያችን ኦቦ ነገሳ ሳያነቡ ፈረሙ፣ ማህተሙ አረፈበት፣ አለቀ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ኑሃ የዓመት ፈቃዷ ትናንት ጀመረ። እስከ ግንቦት 24 ነው። ራሷ ነች የነገረችኝ፤ እኔ አልጠየቅኳትም።

ከሰዓት በኋላ ራቢአ ደወለች። «ደብዳቤው አለቀ?»

«ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ነው።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ከአፌ ወጣ። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አይጠፋም።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

«ማህተም ያዡ ተመለሰ?» አለችኝ ገና ከበር ሳልወጣ።

«አዳማ ነው ስብሰባው። ሥልጠናም አለው መሰለኝ።»

«ዱርሲ፣ ጊዜ የለንም እኮ።»

ሰማዩን አሳየኋት። ጥርት ያለ ነበር። «ዝናቡ ገና ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል?» አልኳት። እሷ ግን ሰማዩን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። የሆነ ነገር ልትለኝ አፏን ከፍታ ተወችው። ኑሃ ስላለች ይሆናል። ይኸው ነው፤ ሦስተኛ ሰው ካለ ሁለት ሰው አይጫወትም።

ሲመሽ ሱቋ ጎራ አልኩ። መደርደሪያዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው። «እያጣራን ነው» አለችኝ። ከድሩ ደግሞ ወራቤ ሄዷል፤ በዚህ ወር ሦስተኛው መሆኑ ነው። አባቱ ታመዋል። እግዜር ይማራቸው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ቢሮ ሥራ በዝቷል። ራቢአ ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁም። ማታ አነሳሁ። ስብሰባ አልኩ። «የምን ስብሰባ ነው እንዲህ የማያልቅ?» አለች። የመንግሥት ስብሰባ አልኳት። ሳቀችልኝ። ዝናብ ጣል ጣል አደረገ።

አሥር ቀን ቀርቷል። ለኑሃ ፈቃድ ማለቴ ነው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ልጅቱ ቢሮዬ ድረስ መጣች! ቡትሷን አድርጋ።

«እትዬ ዱርሲቱ፣ ራቢአ ሳታውቅ ነው የመጣሁት። ደብዳቤው ካስቸገረ እኔ ማህተም ያዡ ያሉበት ድረስ ልሂድ? ፈቃድ ላይ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የለኝም።»

ጉልበቴ መሳቢያውን ተደግፎ ነበር። «አይገባሽም የእኛ አሠራር» አልኳት።

«እሺ።» ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ ሣጥን አወጣች። «ከመጣሁ አይቀር፣ ስኳርዎትን ቼክ ላድርግልዎት? ራቢአ ከለካች ቆይታለች አለችኝ። አንድ ጠብታ ደም ናት፣ አያምም።»

ራቢአ ነግራታለች። የእኔን በሽታ እንደ ሱቅ ዕቃ አውጥታ ለሰው ታሳያለች። እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት። «ደህና ነኝ» አልኩ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ጣቴን እንደ ሕፃን ደበቅኩ። ከሄደች በኋላ አፈርኩ። ግን ጥቂት ነው ያፈርኩት።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ግድቡ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ከኋላ ደረስኩ። ራቢአ ናት የምትናገረው፤ «…ስትቆጣ አትራቂ። ስትፈራ ነው የምትቆጣው።»

«ስለማን ነው?» አልኩ።

«ስለ አንዲት ላም» አለች ራቢአ፣ ሁለቱም ሳቁ። የላሟን ነገር ለእሷ ነግሬያት አላውቅም። ደብተሬን አንብባ ይሆን? አይሆንም። ደብተሩ ቤት ነው። አእምሮዬን ልስት ነው መሰለኝ።

እቀናለሁ። ይኸው ጻፍኩት። በሃያ ስድስት ዓመት ልጅ እቀናለሁ። ባሏን የተቀማች ሴት አገሩ ሁሉ ያዝንላታል። ጓደኛዋን የተቀማች ግን ለማን ትናገራለች? የሚያስቅ ነገር ነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

የኑሃ ፈቃድ ትናንት አለቀ። ዛሬ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ስትገባ በጤና ጣቢያው በር ሳልፍ አየኋት። መንገዴ ስለሆነ ነው በዚያ ያለፍኩት።

ለራቢአ ደወልኩ። «ማህተም ያዡ ተመለሰ!»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን «አሁን እኮ አረፋ ደረሰ። ከአረፋ በኋላ እንሂድ» አለች። «ዝናቡም ይምጣ። እንሄዳለን። ግዴለም፣ እንሄዳለን» አለች ሦስት ጊዜ ያህል፣ ለራሷ እንደምታወራ።

ሁለታችን ብቻ። እንደ ጥንቱ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

ራቢአ በየዓመቱ ለአረፋ ከነሕይወቱ ዶሮ ትሰጠኛለች። በእኔ ወገን እጅ ታርዶ እንድበላው ነው። ቀይ አውራ ዶሮ ነበር ሁልጊዜ የምትሰጠኝ። ዘንድሮ የሰጠችኝ ሴት ዶሮ ናት፣ ቄብ። «ይቺን እንዳታርጃት። ትቆይልሽ። እንቁላል ትጥላለች» አለችኝ።

ቤት ውስጥ ኑሃ ሽንጡን እየከተፈች ነበር፤ እንደ ቤት ልጅ። ለእሷ ግማሽ በግ፣ ለእኔ የማትበላ ዶሮ። ዶሮዋን በብብቴ ይዤ ቤቴ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ጮኸችብኝ።

የሳሎኑ ምንጣፍ ተነስቶ ተጠቅልሏል። ለበዓል ምንጣፍ ያነጥፋሉ እንጂ ያነሳሉ እንዴ?

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ነገ እንነሳለን። ቦርሳዬ ዝግጁ ነው። ሰኞ የሰኔ ጾም ስለገባ ስንቄ ቆሎና ዳቦ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጣሁት፤ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አላነበብኩትም፤ የተየብኩትን ምን አነበዋለሁ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ራቢአ ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። «ኑሃም ትመጣለች! ሦስት ቀን ተረኛነት ተለዋውጣ! አሥር ሰው ለምና!»

«ደስ ይላል» አልኩ።

ዶሮዋ ዛሬ የመጀመሪያ እንቁላሏን ጣለች። ጾም ነው።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ፣ መናገሻ

ከሰበታ ተነሳን። ጭቃ። የወጨጫን ተራራ በግራ ትተን። ጥር ላይ ያየነው የእግር መንገድ የለም፤ ታርሷል። ኑሃ በስልኳ ካርታ «በዚህ ነው» ትላለች፤ ስልኳ ያሳየችው ማሳ መሃል ነው። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የተዘራ አልረግጥም። በወሰኑ ላይ አንድ በአንድ ሆነን ዞርን። ዙሩ ሁለት ሰዓት ጨመረ። ጫማችን የኮትቻ ጭቃ ተሸክሞ እግራችን የዝሆን አክሏል። ማንም ደብዳቤ አልጠየቀንም።

ወንድሜ ቤት ነን። ራቢአና ኑሃ ተኝተዋል። ራቢአ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጎን ነበር የሄደችው። ስለ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነበር የምታወራው፤ የትኛው አስተማሪ ምን እንዳለ፣ ማን የማንን ደብተር እንደሰረቀ። እየደገመች ታስታውሰኝ ነበር። እኔ ግን ግማሹን አልሰማኋትም፤ ልጅቱ ከኋላ እየሰማች ነው አይደለም እያልኩ ጆሮዬ ኋላ ነበር።

ሰኔ 6፣ ዓርብ፣ ቡራዩ

ዳገት ላይ ስኳሬ ወረደ። ራቢአ ከፊት ነበረች፣ አላየችኝም። ያየችኝ ኑሃ ናት። ምንም ሳትል ሁለት ፍሬ መዳፌ ላይ አኖረች። «አልፈልግም» አልኩ። «አውቃለሁ» አለችና እጄን ይዛ ቆመች። በላሁ። ተናድጄ በላሁ።

ራቢአ ዞር ብላ ሁሉንም አይታለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ነፋስ ነው አለች።

ዛሬ የምናድረው በየቤታችን ነው። የሦስት ቀን ጉዞ መሃል ገብቶ የራስ አልጋ ላይ መተኛት! ነገ ሱሉልታ። ሻዩ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፍ። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት ከቡራዩ ዳገቱን ወጣን። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ዝናቡ ያዘን። ቁልቁለቱን ስንጀምር የሱሉልታ ቆርቆሮ ጣሪያ ከታች ታየን። ራቢአ ክንዴን ጨብጣ «ታየሽ? ታየሽ?» አለች። ልጅ ሆና ነበር።

ኬላው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አንድ ሽማግሌ ሚሊሻ ከዳሱ ወጡ፤ ኦቦ ዲሪርሳ እባላለሁ አሉን። «አካም ጅርቱ፣ ልጆቼ? በዚህ ዝናብ! ደብዳቤ ቀብዱ?»

ቀብና ብዬ፣ አለን ብዬ፣ ኮራ ብዬ ነው የሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ። ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ቀን፣ ግንቦት 5…» ቆሙ። «ግንቦት 5። ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ቀናት ብቻ…» በጣታቸው ቆጠሩ። «ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ሦስት ቀን አልፎታል።»

«ግንቦት 5?» አለች ራቢአ።

ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበለች። ቀኑን አየች። ማህተሙን አየች። ማህተሙ በቀኑ ላይ ነው ያረፈው፣ ክብ ሰማያዊ፤ ምንም የሚያከራክር የለውም። በራሱ እጥፋት መልሳ አጠፈችው፣ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ስብሰባው ረጅም ነበር» አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኦቦ ዲሪርሳን ለመንናቸው። ኑሃ የጤና ጣቢያ መታወቂያዋን አሳየች። ደግ ሰው ናቸው፣ ጨክነው አይደለም። «እኔ ባሳልፋችሁ ከታች ያለው ልጅ ይመልሳችኋል፤ እኔም እጠየቃለሁ። ሰኞ አዲስ አጽፋችሁ ኑ። ሱሉልታ የትም አትሄድም» አሉ።

ዳሱ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥን። ኑሃ ገብቷታል መሰለኝ፣ ራቅ ብላ ከሽማግሌው ጋር ወሬ ያዘች። ራቢአ ሻሿን እየጨመቀች ነገረችኝ።

«ሱሉልታ ስንደርስ፣ ሻያችንን ይዘን ልነግርሽ ነበር። ወራቤ ልንገባ ነው፣ ዱርሲ። የከድሩ አባት አይድኑም። ሱቃቸውን የሚይዝ ሰው የለም። ከፋሲካ በፊት ነው የቆረጥነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ የመጨረሻውን ወር ሙሉ ስታለቅሺ ልትጨርሺው ነው። አውቅሻለሁ። ወር ነበረን። እየሄድን፣ እየሳቅን ልንጨርሰው ነበር።» ሱሉልታን እያየች ነበር የምታወራው። «ወር ሙሉ ነበረን፣ ዱርሲ።»

ያን ጊዜ ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ፤ ባዶው መደርደሪያ፣ የተጠቀለለው ምንጣፍ፣ ጊዜ የለንም ያለችው። ሁሉንም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በዚህ ደብተር ጽፌዋለሁ። ደደብ ነኝ።

«በልጅቱ ቀንቼ ነው» አልኳት። «ፈቃዷ እስኪያልቅ ብዬ ነው።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ኑሃን ለእኔ ያመጣኋት መስሎሽ ነው?» አለች። «እኔማ እሄዳለሁ። እሷ ትቀራለች። ቅዳሜ ማን ያወጣሻል? ከሄድኩ ጫማሽን ሰቅለሽ አልጋሽ ውስጥ ትቀሪያለሽ፣ ስኳርሽ ይገድልሻል። ስትመጣ መለካት የምትችል መሆኗን ሰማሁ፤ ቤቱን ከሌላው ቀንሼ ነው ያከራየኋት፣ እዚያው እንድትቆይልሽ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። ቆጡ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

በባጃጅ ተመለስን። ሦስታችን ከኋላ ተጣበን፣ እኔ መሃል።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ቢሮ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። አዲስ ደብዳቤ ተየብኩ፤ ሦስቱም ስም፣ ያለ ስህተት። ተፈረመ፣ ታተመ። ሃያ ደቂቃ።

ይዤ ሮጥኩ። ራቢአ በር ላይ አይሱዙ ቆሟል። የከድሩ አባት ትናንት ማታ አርፈዋል። ከድሩ ሌሊቱን ሄዷል፤ እሷ ዕቃውን አስጭና ረቡዕ ትከተላለች። ደብዳቤውን ከኪሴ አላወጣሁትም። ካርቶን አሰርኩ። ነገም ስናስር እንውላለን።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ሄደች። መኪናው ሊነሳ ሲል አንገቴን አቅፋ «ሱሉልታ ስትደርሺ ደውይልኝ» አለች። «ያለ አንቺ አልደርስም» አልኳት። «ይሄን ንግግርሽን ነው የፈራሁት» አለችና ትከሻዬን መታ አድርጋ ገባች።

ይቅር በይኝ ማለት ረሳሁ። ሠላሳ ዓመት ብለን አናውቅም፣ አፌ አልለመደውም። ማታ ደውዬ አልኳት። «ምኑን?» አለች። የእሷ ነገር እንዲህ ነው፣ ጨርሶ ያናድዳል።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ጠዋት ኑሃ አንኳኳች። አልከፈትኩም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

አንኳኳች። «እትዬ ዱርሲቱ፣ በሩ ጋ ነኝ» አለች። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ቡትሷን አየሁት። ከረጢቷን በእጇ ይዛለች። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ሄደች።

ራቢአ በስልክ፦ «ወጣሽ?»

«ዝናብ ነው።»

«እሷ ዝናብ ላይ ቆማ ነበር አሉ።»

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ተረኛ ትሆናለች።

ጫማዬን አስሬ ነበር። እስከ አራት ሰዓት ታስሮ ቆየ።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ዶሮዋ አላቆመችም። አንዳንዱን ለጎረቤት ብሰጥም ቅርጫቱ ሞልቷል። ነገ ጾሙ ይፈታል። ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ እንቁላል ምን ያደርጋል እያልኩ ስቆጥር ቆይቼ፣ ድንገት ቁጭ አልኩ።

ይቺን እንዳታርጃት፣ ትቆይልሽ ነበር ያለችው። አውራው ቢሆን አርጄ ብቻዬን በልቼው ያልቅ ነበር። የዶሮውን ሥጋ ኑሃ አትበላልኝም። እንቁላል ግን ከእኔም እጅ ትበላለች። ሠላሳ ዓመት ከራቢአ ጋር የበላነው ምን ሆነና!

አዲሱን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩት። ዘንድሮ የተማርኩት ነገር ቢኖር ደብዳቤ ማንበብ ነው። ሰኔ 9 ነው የተጻፈው። አራት ቀን ይቀረዋል።

ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። መንገዴ አልነበረም። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ አንገቴን አስግጌ «ነገ አንድ ሰዓት ላይ» አልኳት። ሌላ ቃል ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

«እሺ፣ እትዬ» አለች፤ የያዘችውን ብልቃጥ ልትጥለው ነበር።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

በአንድ ሰዓት ሳይሆን በአሥራ ሁለት ተኩል መጣች፣ በስብሳ። በሩን ከፍቼ ነበር የጠበቅኳት። ስድስት እንቁላል ቀቅያለሁ፣ ሦስት ለእሷ ሦስት ለእኔ። ሳህኗን ከፍታ አሳየችኝ፤ ዳቦና ድንች። «ሥጋሽስ?» አልኳት። «ካወቅኩ ወዲህ ከእርስዎ ጋር ስወጣ አልይዝም። ራቢአም አትይዝም ነበር እኮ» አለች፣ እኔ የማውቅ መስሏት።

«እርስዎ አትበይኝ» አልኳት። «ራቢአ በአራት ወር ትበልጠኛለች።»

ሣጥኗን አወጣች፣ እንደ ባለፈው እንቢታ እየጠበቀች። ጣቴን ሰጠኋት። እውነቷን ነው፣ አያምም።

ዝናቡ አላቆመም። እንወጣለን። ሱሉልታ ስንደርስ እደውላለሁ።

የዛሬ ስኳር፦ 128። የለካችው፦ ኑሃ።